የተዘጉ ቤቶች ተሳፋሪዎች

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በቪሶካ መንደር አደባባይ የነበሩት አምስት ሰዎች ናቸው፦ መንደርተኛው ‹ጋሼ› ለማለት ባይ የሚለው የሚኒባሱ ሹፌር ባይ ማኖል፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጡት ወይዘሮ ዴያኖቫ፣ የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ስላቭካ፣ መንደሩ ሁሉ ‹አክስቴ› ለማለት ሌሊያ የሚላት የሰባ አራት ዓመቷ ሌሊያ ሩሳ፣ እና የወንድሟ ልጅ ኦግንያን። ኦግንያን ኮምፒውተሩን በቦርሳ አንግቶ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ የምንጩን ግንብ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ድንቹ ተለቅሞ አልቋል። ጭጋጉ ከጥዶቹ ላይ ገና አልተነሣም።

ማዘጋጃ ቤቱ ከስሞልያን ከተማ የሚነሣው ሚኒባስ እስከ ቪሶካ ድረስ መውጣት አለበት ወይ የሚለውን ሊያጣራ ወስኗል። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ቦታ የሚያዘው በስልክ መተግበሪያ ብቻ ነው። ከቪሶካ ስምንት ሰው ከተሳፈረ መኪናው መምጣቱን ይቀጥላል፤ ካልተሳፈረ ከታችኛው መንደር ይመለሳል። ያን ጊዜ ሌሊያ ሩሳና ጎረቤቶቿ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ስድስት ኪሎ ሜትር በእግር ይወርዳሉ፤ ሲመለሱም ያንኑ ይወጡታል። መተግበሪያውን የሠራው ኦግንያን የሚሠራበት ትንሽ ቢሮ ነው። እየነካካ የሚፈትነው ደግሞ ራሱ ኦግንያን ነው።

«ስምንት ሰው ቦታ ይዟል» አሉ ወይዘሮ ዴያኖቫ፣ ታብሌታቸውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው። «እውነቱን ልናገርና ሁለት እንኳ አልጠበቅሁም ነበር።»

«እነማን ናቸው?» አለች ሌሊያ ሩሳ።

«ዳፊና ቻውሼቫ። ላይኛው መንገድ፣ አረንጓዴ በር።»

ሌሊያ ሩሳ ሻርፗን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች። «ዳፊና ስፔን ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው እኮ።»

«እኔ የተጻፈውን ነው የማነብልዎ። ሁለተኛ፣ ሚትራ ኮቫቼቫ፣ ከወፍጮው ጎን።»

«ሚትራ ፕሎቭዲቭ ልጇ ቤት ናት። ባለፈው ስንነጋገር ሁለት ደረጃ መውጣት አቃተኝ ስትል ነበር። በየት በኩል ተራራ ወጣች?»

«ቶዶር ሳሪየቭ።»

«እሱስ ጀርመን ነው። ስላቭካ፣ ሰዎቹ በሌሊት ገብተዋል እንዴ? እኔ ነኝ የተኛሁት?»

ስላቭካ ትከሻዋን ነቀነቀች። ኦግንያን ግን መጠየቅ አላስፈለገውም። እነዚያን ስሞች ያውቃቸዋል። የጻፋቸው ራሱ ነው።

ቢሮው ስሞልያን ውስጥ፣ ከዳቦ ቤት በላይ ያለ ባለ ሦስት ክፍል ነው። የሰውን ስልክ ዓይነት ሁሉ እየገዙ መሞከር ስለማይቻል፣ ኦግንያን ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖሩ አስመሳይ ስልኮችን ያዘጋጃል። አስመሳይ ስልክ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ እንደ እውነተኛ ስልክ ይበራል፣ ይነካል፣ ይደውላል፤ ኪስ ውስጥ ብቻ አይገባም። ሲወለድ ግን የሞላለት ነው። ባትሪው መቶ በመቶ፣ መስመሩ ፈጣን፣ ሆዱ ባዶ። ያለበትን ቦታ ቢጠይቁት ካሊፎርኒያ ነኝ ይላል። እንዲህ ያለ ስልክ በቪሶካ አይገኝም። ስለዚህ ኦግንያን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብሎ ስምንት ስልኮችን አንድ በአንድ አበላሸ። ያሉበትን ቦታ ከካሊፎርኒያ ነቅሎ ቪሶካ ላይ ተከለ። አንዱን በፎቶ እስከ አፉ ሞላው። የአንዱን ባትሪ ሦስት በመቶ ላይ አቆመው። የአንዱን መስመር ልክ ከወፍጮው ጎን እንደሚሆነው በየደቂቃው እንዲቆራረጥ አደረገ።

ለእያንዳንዱ ስም ያስፈልግ ነበር። በመንደሩ ያሉትን ሰዎች ሳያስፈቅድ ስማቸውን መጻፍ አሳፈረው፤ ማስፈቀድ ደግሞ የበለጠ አሳፈረው። ስለዚህ የሄዱትን ጻፈ። የተዘጉትን ቤቶች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ልጅ ሆኖ በየደጃቸው ኳስ ሲያነጥር ነው ያደገው። ወፍራም መነጽር ታደርግ ለነበረችው ለዳፊና ፊደሉን የመጨረሻው ትልቅ ላይ አደረገላት። ቻርጀሩን ሁልጊዜ ለሚረሳው ለቶዶር ሦስት በመቶዋን ባትሪ ሰጠው።

ስህተቱ የገባው እዚህ ላይ ነው። መተግበሪያው በሙከራ መዝገብ ላይ ሲሠራ ከላይ ቀይ መስመር ይታያል። በእውነተኛው መዝገብ ላይ ሲሆን አይታይም። ኦግንያን ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚከፍተው የዳፊናን ስልክ ነው። ትልቁ ፊደል ደግሞ ቀዩን መስመር ከመስኮቱ ውጭ ገፍቶት ስለነበር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእሷ ስልክ ላይ መስመሩን አይቶት አያውቅም። አርብ ከሰዓት አዲሱን ሥሪት ሲጭን፣ ያ ሥሪት ለሰኞ ተብሎ ወደ እውነተኛው መዝገብ ተቀይሮ ነበር። የዳፊናን ስልክ ከፈተ፤ እንደ ወትሮው ነው። ሌሎቹን ሰባቱን በአንድ ትእዛዝ አስከተላቸው። ስምንቱም ለሰኞ ጠዋት ቦታ ያዙ። ደስ ብሎት ኮቱን ለብሶ ወደ ቤቱ ሄደ።

አሁን መናገር ነበረበት። አፉን ከፈተ፤ ወይዘሮ ዴያኖቫ ቀና ብለው ሲያዩት መልሶ ዘጋው።

ባይ ማኖል ሰዓቱን አየና መኪናው ውስጥ ገብቶ ጥሩምባ ነፋ። በዚህ መንገድ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቷል፤ ስሙ የተጻፈ ሰው ጥሎ ሄዶ አያውቅም። ሦስት ጊዜ ይነፋል። ያልመጣ እንደሆነ ወርዶ በሩን ያንኳኳል። ካልተከፈተለት በመስኮት ይጣራል። በተራራው ላይ ያሉ ሹፌሮች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጣ መኪና የለምና።

ሦስተኛውን ሲነፋ በሮች ተከፈቱ። የተከፈቱት ግን የተጻፉት ስምንቱ አይደሉም፤ ሌሎቹ ናቸው። ባይ አሴን በፒጃማ ሱሪ ላይ ኮት ደርቦ ወጣ። ሁለቱ እህትማማቾች ቬና እና ኤሌንካ እጃቸው በሊጥ እንደተለወሰ መጡ። ባይ ማኖል ግን ማንንም ሳያይ ወደ ላይኛው መንገድ ወጥቶ አረንጓዴውን በር መደብደብ ጀመረ።

«ዳፊና! መኪና ነው! ስምሽ ተጽፏል!»

«ዳፊና መጣች እንዴ?» አለች ቬና።

«ብትመጣማ መጀመሪያ እኔን ነበር የምትጠራው» አለች ሌሊያ ሩሳ። «ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው።» ይህን ብላ ዝም ብላ አልቆመችም፤ ቁልፉን ልታመጣ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ስላቭካ ስልኳን አውጥታ ወደ ስፔን በቪዲዮ ደወለች። ዳፊና ነጭ ቆብ አድርጋ በእንፋሎት መካከል ብቅ አለች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሚኒባስ በርሽ ላይ ቆሞ እየጠበቀሽ ነው።»

«እኔን?»

«ሦስት ጊዜ ተነፍቶልሻል።»

«ታዲያ ሂድ በሉት። ለስድሳ የሆቴል እንግዳ እንቁላል እየጠበስሁ ነው።» ከዚያ መጥበሻዋን አስቀመጠች። «ቆይ፣ ስላቭካ። እስቲ በሩን አሳዪኝ።»

ስላቭካ ስልኩን ወደ በሩ አዞረች። ዳፊና መነጽሯን ጠርጋ ተጠጋች።

«ፀሐይና ዝናብ ቀለሙን በልቶታል» አለች።

«አሥራ አንድ ዓመት ምን እንዲሆን ፈለግሽ?» አላት ባይ ማኖል፣ አሁንም እጁን ለማንኳኳት እንዳነሣ። «ትሳፈሪያለሽ ወይስ አትሳፈሪም? ሚትራ ዘንድ ገና አልሄድኩም።»

ኦግንያን በዚህ ጊዜ ከምንጩ ተነሥቶ ሁሉም የቆሙበት ድረስ መጣ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ድፍረቱ እንዳይተወው ፈርቶ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ።

«ሰዎች አይደሉም። ስምንቱም ስልኮች ናቸው። ስልኮችም አይደሉም። እኔ ነኝ የሠራኋቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የመኪናውን ነገር አበላሸሁት።»

ማንም አልገባውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን አውጥቶ በዳፊና ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠው። ስምንቱን ስልኮች ከፈታቸው። ሁሉም ተጠግተው ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ትልልቅ ፊደል ያለው የማን ነው?» አለች ኤሌንካ።

«የዳፊና።»

«ይህቺን ዕውር፣ በትክክል አውቀሃታል» አለ ባይ አሴን።

«እሰማሃለሁ፣ አሴን» አለች ዳፊና ከስላቭካ ስልክ ውስጥ።

«ይሄ ደግሞ ሊሞት የደረሰው?»

«የቶዶር ነው። ባትሪው ሦስት በመቶ ነው።»

«ትራክተሩም እንደዚያው ነበር» አለ ባይ አሴን፤ ሁለቱ እህትማማቾች ሳቁ። ሌሊያ ሩሳ ቁልፉን ይዛ ደርሳ ነበር። በሰዎቹ ትከሻ መካከል አንገቷን አስግጋ ስልኮቹን ቆጠረቻቸው።

«የኔስ የታለ?»

«የለም። በመንደሩ ያላችሁትን… ሳላስፈቅድ መጻፍ አፈርኩ፣ ሌሊያ።»

«ጀርመን ላለው ቶዶር ስልክ ሠርተህለት፣ ድንች እየቀቀለች ያሳደገችህ አክስትህ የላትም?»

ወይዘሮ ዴያኖቫ አልሳቁም። ታብሌታቸውን ዘግተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ልጄ፣ ስላመንክ አመሰግንሃለሁ። ግን እኔ ይዤ የምመለሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ዛሬ ስንት ነው? ዜሮ ነው።»

«እኛስ? እኛ ሰው አይደለንም?» አለች ቬና። «እኔ ዛሬ ጥርሴን ላሳይ እፈልግ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቦታ አልያዙም?»

ቬና እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከኪሷ ስልክ አወጣች። ቁልፎቹ ትልልቅ፣ መስኮቱ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ነበር። «በዚህ?»

ባይ አሴንም የራሱን አወጣ፤ በላስቲክ የታሰረ ነው። ኤሌንካ ጨርሶ የላትም፤ የእህቷን ነው የምትጠቀመው። በመንደሩ መተግበሪያ የሚጭን ስልክ ያላት ስላቭካ ብቻ ነበረች። ይህንን ኦግንያን ያውቅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያውቅ ነበር። ሦስት ሳምንት ግን ስልኮቹን የቪሶካ ስልክ ለማስመሰል ሲደክም፣ ቪሶካ ውስጥ እንዲህ ያለ ስልክ አለመኖሩ ትዝ ብሎት አያውቅም።

 ከዚያ ሌሊያ ሩሳ በጣቷ ኮምፒውተሩን ነካ አደረገችው።

«ይቺ የዳፊና ስልክ፣ እውነተኛ መኪና ጠርታለች አይደል?»

«አዎ፣ ጠርታለች።»

«ባይ ማኖልን አስመጥታ በር አስደብድባለች። እንግዲያው እሷን ስጠኝ። ዳፊና እንደሆነች አትጠቀምባትም።»

«ለኔም ጥርሴ ሳይወድቅ አንድ ስጠኝ» አለች ቬና።

ኦግንያን ሌሊያ ሩሳን አያት፤ ከዚያ ስላቭካን አያት። ስላቭካ ቀድማ ገብቷት ነበር። «ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ኮምፒውተር አለን» አለች። «አሮጌ ነው፤ ግን ይነሣል።»

ወይዘሮ ዴያኖቫ አሰቡ። ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «‹በመተግበሪያው› ይላል» አሉ ቀስ ብለው። «ስልኩ ኪስ ውስጥ ይግባ አይልም። እስከ አርብ። አርብ ጠዋት እመጣለሁ፤ ስምንት ሕያው ሰው፣ ወንበር ላይ። የሌለ ሰው ስም ባገኝ ግን ወረቀቱን እዚያው እዘጋዋለሁ።»

ኦግንያን ለቢሮው ደውሎ የሆነውን ለአለቃው ለራዶስቲና ነገራት።  «አንተ ነህ የሰቀልከው፣ አንተው አውርደው» አለችው። «አርብ ውጤቱን ንገረኝ። ያን ትልቅ ፊደል ደግሞ እንደ ስህተት መዝግበው፤ እሱን ማናችንም አላየነውም።»

የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ከአንድ በላይ አስመሳይ ስልክ አይችልም፤ ያንን አንዱንም ለመቀስቀስ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሰዎቹ በምድጃው ዙሪያ ወንበር ስበው ተራ ያዙ። የአንዱ ስልክ እስኪነሣ የተራራ ሻይ ይጠጣሉ፤ ሲነሣ ባለቤቱ ይጠራል። ኦግንያን በሕይወቱ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሰው አነጋግሮ አያውቅም። እንዴት እንደሚፈልጉት እያንዳንዳቸውን መጠየቅ ነበረበት፤ ሲጠይቅ ደግሞ ይመልሱለታል።

«ፊደሉ ምን ያህል ይሁን፣ ባይ አሴን?»

«ቆሜ የማነበው ይሁን። ፎቶው ላይ በቅሎዬን አድርግልኝ።»

«የበቅሎዋን ፎቶ የት አገኛለሁ?»

«በሩ ላይ ናት፤ ውጣና አንሣት።»

የሌሊያ ሩሳን ስልክ ማክሰኞ ማታ አዘጋጀላት። በጣቷ አንድ በአንድ ነክታ ለአርብ ቦታ ያዘች፤ ሊረዳት የሚዘረጋውን እጅ ሁሉ እየመታች። ረቡዕ ጠዋት ባይ ማኖል ደወለ።

«ኦግንያን፣ አክስትህን አቅርብልኝ።»

«እዚሁ ናት። ምን ሆነ?»

«አርብ የት ነው የምትጠብቀኝ? እኔ ጋ የሚያሳየው ካሊፎርኒያ ነው። እዚያ ድረስ ናፍጣ አይበቃኝም፤ ደርሼ ባንኳኳም የሚሰማኝ አላገኝም።»

ኦግንያን በእሷ ስልክ ላይ ቦታውን መቀየር ረስቷል። በዕድሜው እንዳልሳቀው ሳቀ፤ ሌሊያ ሩሳም ነገሩ ሲነገራት አሜሪካ እንደሄደች ለመንደሩ ሁሉ አወራች። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ሁሉንም ስልኮች ሁለት ጊዜ አያቸው፤ ቀዩን መስመር፣ ቦታውን፣ ስሙን።

ሐሙስ ማታ ሰባት ሰዎች ከሌሊያ ሩሳ ጋር ስምንት ሆነው ቦታ ይዘዋል። ኦግንያን በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ የተዘጉትን ቤቶች ስልኮች ማጥፋት ጀመረ። ሚትራን አጠፋ፤ ቶዶርን አጠፋ። ሰባቱን አጥፍቶ የዳፊና ላይ ሲደርስ ሌሊያ ሩሳ ከኋላው ቆማ ነበር።

«እሷን ተዋት።»

«ሕያው ሰው ብቻ ነው ያሉት፣ ሌሊያ።»

«ዳፊና ሕያው ናት። ለገና መጥታ በሩን እቀባለሁ ብላለች፤ ትናንት ነው የነገረችኝ። ቦታ እንዳትይዝ ብቻ አድርጋት።»

ኦግንያን የዳፊናን ስልክ ወደ ሙከራው መዝገብ መለሰው። ፊደሉንም አላሳነሰውም፤ ቀዩን መስመር ከፊደሉ በላይ እንዲቀመጥ አደረገው። አሁን ይታያል።

አርብ ጠዋት ወይዘሮ ዴያኖቫ ከባይ ማኖል ጎን ተቀምጠው መጡ። አደባባዩ ላይ ቦታ ከያዙት ሰባቱ ቆመዋል። ባይ አሴን ክራባት አስሯል። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ቅርጫት በሁለት ጆሮው ይዘዋል፤ ሌሎቹም ከየቤታቸው ሰዓቱ ሳይደርስ ወጥተዋል። ሁሉም ገብተው ተቀመጡ። ወይዘሮ ዴያኖቫ በእስክሪብቶ እየጠቆሙ ቆጠሩ።

«ሰባት። ስምንተኛዋ የታሉ?»

ኦግንያን ወደ አክስቱ ቤት ሮጠ። በሩ ተቆልፏል፤ ከጭስ ማውጫው ጭስ አይወጣም። አልጋዋም ተነጥፎ ነው ያገኘው በመስኮት ሲያይ። ብቻውን ተመልሶ መጣ።

ባይ ማኖል አንዴ ነፋ። ሁለቴ ነፋ።

«ሰዓቱ አልፏል» አሉ ወይዘሮ ዴያኖቫ። «ሰባት ሰው ነው እንግዲህ። በታችኛው መንደር የሚጠብቁም አሉ።»

«ስሟ ተጽፏል፣ እመቤቴ» አለ ባይ ማኖል።

«ሰኞም ተጽፎ ነበር።»

«ሰኞም አንኳኩቻለሁ።» ሦስተኛውን ነፋና ወርዶ የሌሊያ ሩሳን በር ደበደበ። መስኮቱንም ደበደበ። ምንም የለም። ወይዘሮ ዴያኖቫ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እስክሪብቶውን ከፈቱ። 

በዚያን ጊዜ በላይኛው መንገድ አረንጓዴው በር ተከፈተ። ሌሊያ ሩሳ መጥረጊያ ይዛ፣ ሻርፗ ላይ የሸረሪት ድር ተጣብቆ ወጣች። ከኋላዋ የዳፊና ቤት መስኮቶች ሁሉ ተከፍተዋል። በሩን ቆለፈች፤ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ሳትቸኩል ወረደች።

«ጥሩምባውን አልሰማሽም?» አላት ባይ ማኖል።

«ሰማሁ እንጂ።»

«ታዲያ?»

«ሰኞ ለዳፊናም ነፍተህላት ነበር። ዛሬ ለማን እንደሆነ በምን ልወቅ?»

ገብታ ከወይዘሮ ዴያኖቫ ኋላ ያለውን ወንበር ያዘች። ወይዘሮ ዴያኖቫ ዞረው አዩዋት፤ እጃቸውን ዘርግተውም የሸረሪቱን ድር ከሻርፗ ላይ አነሡላት። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ስምንት ብለው ጻፉና ፈረሙበት።

ሚኒባሱ በዚያ ቀን ከቪሶካ የወረደው አሥራ አራት ደቂቃ ዘግይቶ ነው። ኦግንያን ለራሱ ቦታ መያዝ ስለረሳ በሩ አጠገብ በኤሌንካ ቅርጫት ላይ ተቀምጦ ሄደ። መኪናው ከዚያ በኋላም ወደ ቪሶካ መውጣቱን ቀጠለ።